እቁቡን አይተዉ፣ ሚዛኑን ያስተካክሉ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ጅማ ነው። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ቡና በኪሎ እየመዘንኩ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ሁለት ተማሪ ልጆች አሉኝ። ማና ወረዳ ከአባቴ የወረስኩት ትንሽ የቡና መሬትም አለ። ቤቱን ቀጥ አድርጎ ያቆመው ግን ጅዳ ያለው ታናሽ ወንድሜ በየወሩ የሚልከው ገንዘብ ነበር። ይኸው ከቆመ አራት ወሩ ነው። ስልኩ አንዳንዴ ይጠራል፣ አይነሳም። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሌሊት እየተነሳሁ ስልኬን አያለሁ፣ ፍራሽ ሥር ያለችውን ብር እቆጥራለሁ። በጽዋ ማኅበራችን ጉዳዬን ባነሳ እኅቶች «አንቺ የታመንሽው በሥጋ ክንድ ነው፤ እግዚአብሔር ያን ክንድ ያነሳብሽ ወደ እሱ እንድትመለሺ ነው። ሙሉ በሙሉ ከታመንሽበት እቁቡንም ዕድሩንም ተዪ፣ የደም ግፊት ኪኒኑንም አስቀምጪና ጸበል ብቻ ጠጪ» አሉኝ። ኪኒኑን ካቆምኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ደህና ነኝ። እቁቡ ሃያ ሰው ነው፣ በሳምንት 1,000 ብር፤ 13 ሳምንት ጥያለሁ፣ ዕጣው ገና አልወጣልኝም። ጎረቤቴ ደግሞ ገንዘቡ የቆመው ሰው አስሮብሽ ነው፣ የሚፈታ አዋቂ አውቃለሁ ትለኛለች። ኑሮው ስለከበደኝ ሚዛኔንም 50 ግራም ያህል አጉድዬ ነው የምሸጠው፤ ገበያው ላይ ሁሉም እንደዚያ ነው። በእግዚአብሔር ሙሉ በሙሉ መታመን ማለት የትኛው ነው? መልሱልኝ።
ወለተ ሚካኤል፣ ከጅማ

መልስ፦ እኅታችን ወለተ ሚካኤል፣ ሌላው ሁሉ ይቆየንና ከኪኒኑ እንጀምር፤ እሱ ቀን የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም።

ሦስት ሳምንት ያለ ኪኒን «ደህና ነኝ» ማለትዎ አላረጋጋንም። የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ምንም ምልክት ሳያሳይ ነው። ራስዎን አላመመዎትም ማለት ግፊቱ ወርዷል ማለት አይደለም። ኪኒኑ በሽታውን ነቅሎ አይጥለውም፤ እስከተወሰደ ድረስ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ ሲቋረጥ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉት ደግሞ ድንገት ሲቋረጡ ልብ ላይ አደጋ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ሱቅዎን ከመክፈትዎ በፊት፣ ቅርብዎ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ። የኪኒኑን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፤ መቼና ለምን እንዳቆሙ ሳይደብቁ ይናገሩ። ያመለጠዎትን ለማካካስ ብለው ሁለት ሦስት ፍሬ አንድ ላይ አይዋጡ። ልኬቱ ከ180 በ120 በላይ ሆኖ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለበት ወደ ቤት መመለስ የለም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጸበሉንም አይተዉ። በባዶ ሆድ መጠጣት ከፈለጉ፣ በቀን አንዴ የሚወሰደውን ኪኒን ወደ ከሰዓት ወይም ወደ ማታ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ባለሙያውን ይጠይቁት። ለአብዛኞቹ ይቻላል፤ ዋናው ነገር በየቀኑ ሰዓቱ አንድ መሆኑ ነው። ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ግን ማታ ከተወሰደ ሌሊቱን ሲያመላልስዎ ያድራል፤ እሱን ጠዋት ነው የሚመርጡት። በጾም ወቅትም እንዲሁ ሰዓቱ በሐኪሙና በነፍስ አባትዎ ምክር ይስተካከላል። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ደግሞ ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እሱ ነው፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል። ይህን ለማኅበርዎ እኅቶች ያንብቡላቸው፤ በክፋት አልመከሩዎትም፣ ያልተሟላ ነገር ነው የያዙት።

እነሱ የያዙት ታሪክ የንጉሥ አሳ ሳይሆን አይቀርም። 2ኛ ዜና መዋዕል 16 ላይ አሳ እግሩን በታመመ ጊዜ እግዚአብሔርን አልፈለገም፣ ባለመድኃኒቶችን ፈለገ ተብሎ ተወቅሷል። ይህን ቁጥር ብቻ ነጥሎ ያነበበ ሰው ሐኪም ቤት መሄድ ክህደት ይመስለዋል። የምዕራፉን መጀመሪያ ግን ይመልከቱ። አሳ ጠላት ሲመጣበት ከእግዚአብሔር ቤት ብርና ወርቅ አውጥቶ ለሶርያው ንጉሥ ለወልደ አዴር ላከ፤ ነቢዩ መጥቶ ሲገሥጸው አሠረው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው በሽታው የመጣው። ያ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገር ያቆመው ከሕመሙ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። አሁን ሕዝቅያስን አጠገቡ ያስቀምጡ። እሱም ለሞት ታመመ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አልቅሶ ጸለየ፤ አሥራ አምስት ዓመት ተጨመረለት። በዚያው ታሪክ ውስጥ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና በቁስሉ ላይ አድርጉ ብሎ አዘዘ። ጸሎቱም ልጥፉም በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ነቢይ አፍ። ሐኪም መኖሩ አይደለም አሳን ከሕዝቅያስ የለየው። አንደኛው መጀመሪያ ያናገረው እግዚአብሔርን ነው፤ ሌላው ከነጭራሹ አላናገረውም።

ሕዝቅያስን ገና አንለቀውም፤ ለእቁብና ለዕድር ጥያቄዎም የሚበጀው እሱ ነው። አሦራውያን ኢየሩሳሌምን ሊከብቡ ሲመጡ የግዮንን ምንጭ ከከተማው ውጭ ደፍኖ በዐለት ውስጥ ወደ ከተማ አስገባው። ያ የውኃ መንገድ 533 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ዛሬም ሰው በውስጡ ይሄዳል። ቅጥሩን ጠገነ፣ ጋሻና ጦር አሠራ። መጽሐፍ ታዲያ ይህን ሰው በእግዚአብሔር ታመነ ብሎ ነው የሚመሰክርለት። ግን ኢሳይያስ 22 ላይ ስለዚሁ ውኃ የሚያስፈራ ወቀሳ አለ፤ በሁለቱ ቅጥር መካከል ማጠራቀሚያ ሠራችሁ፣ ያደረገውን ግን አልተመለከታችሁም ይላቸዋል ለከተማይቱ ሰዎች። ውኃው አንድ ነው። አንዱ ቆፍሮ ወደ ላይ ያያል፤ ሌላው ቆፍሮ ውኃውን ብቻ ያያል።

የመናው ነገርም እንደዚሁ ነው። በዘፀአት 16 ላይ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ጎሞር ተፈቀደ። እስከ ጠዋት ያቆዩት ሰዎች መና ተላ፣ ሸተተ። በስድስተኛው ቀን ግን ሁለት ጎሞር እንዲሰበስቡና ለሰንበት እንዲያሳድሩ ታዘዙ፤ ያ አልተላም። ማሳደሩ በራሱ ኃጢአት ቢሆን የዓርቡም በተላ ነበር። ዮሴፍም በግብፅ ሰባት የጥጋብ ዓመት ሙሉ ከምርቱ አንድ አምስተኛውን አስቀመጠ፤ ያንን ያደረገው እግዚአብሔር ባሳየው ሕልም ፍቺ ነው። እንግዲህ ማስቀመጥ የእምነት ጉድለት አይደለም። የተላው «ነገ አይሰጠንም» ብለው ከትእዛዙ ውጭ ያሳደሩት ነው።

ስለዚህ ዕድርዎን አይተዉ። ዕድር እርስዎ ሲያዝኑ ድንኳን የሚተክልልዎት ብቻ አይደለም፤ እርስዎም ለሰው የሚተክሉበት ነው። በጅማ ሰፈሮች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዕድር ተቀምጦ አንዱ የሌላውን ሬሳ ያነሳል። «እኔ በእግዚአብሔር ስለታመንኩ ወጣሁ» ብለው ከዚያ ቢወጡ የጎረቤትን ሸክም ነው ጥለው የሚሄዱት። በብዙ ዕድሮች ደግሞ የወጣ ሰው የከፈለው አይመለስለትም፤ ልመለስ ካለም እንደ አዲስ መግቢያ ይከፍላል።

እቁቡ ትንሽ ይለያል። እሱንም አይተዉ፣ ነገር ግን ይመርምሩት። ሃያ ሰው፣ በሳምንት 1,000፤ ሲደርስዎ 20,000 ብር ነው። 13 ሳምንት ጥለው 13,000 ብርዎ እሰው እጅ ነው ያለው። አሁን ቢወጡ ያ ገንዘብ በአብዛኛው እቁቡ ሲጠናቀቅ ነው የሚመለስልዎት፤ ሌሎቹም በእርስዎ ቃል ተማምነው ነው የገቡት። ቃልን መስበር ከእምነት አይቆጠርም። የሚቀረው ሰባት ሳምንት ነው፤ ይጨርሱት። ለሚቀጥለው ዙር ግን አንድ ሕግ ያውጡ፦ የሳምንቱ መዋጮ ከሱቁ ትርፍ፣ ያውም ገበያው እጅግ በሚቀዘቅዝበት በነሐሴ ከሚገኘው ትርፍ፣ መከፈል የሚችል ይሁን። እቁብ የሚፈርሰው ሰው እጁ ላይ በሌለ፣ ከውጭ ይመጣል ብሎ በሚጠብቀው ገንዘብ ልክ ሲገባበት ነው። ከዚያ አንዱን ለመክፈል ሌላ እቁብ ይጀመራል፤ ዋሱም አብሮ ይያዛል። 1,000 ከከበደዎት ከሚያምኑት ሰው ጋር አንዱን ዕጣ ለሁለት ይካፈሉና 500 ይጣሉ።

የፍራሹ ሥር ብር ግን ወደ ባንክ ይሂድ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ አሮጌውን ለማስለወጥ የተሰጠው ሦስት ወር ነበር። ባንክ ያስገቡት ማለት ደግሞ ተማምነው ይተኙበት ማለት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ባንክ ያለውም ብር አቅሙ አብሮ ወረደ። ቤት ይሻላል የሚል አለ፤ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወረሰ። ቡናስ? በሰኔ 1981 ዓ.ም. የዓለም የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሲፈርስ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ግማሽ ተጠጋ፤ ማና ላይ የለቀመው ገበሬ ለንደን ስለተወሰነው ነገር የሰማው የለም። ይህን የምንዘረዝረው ልናስፈራራዎት አይደለም። ወንድምዎም፣ ባንኩም፣ ማሳውም የሚሰጡት ነገር አላቸው፤ መታመኛ ይሁኑ ሲባሉ ግን የተሠሩበትን ሥራ አልፎ ነው የሚጠየቁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ደብዳቤዎን ስናነብ ማኅበሩም ጎረቤቱም እርስዎም በእቁብና በኪኒን ስትከራከሩ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፏት ነገር አለች፤ ሚዛኗ። እኛ ቆም ያልነው እዚያች ላይ ነው።

ሰው በምን እንደታመነ የሚታወቀው ባለው ንብረት አይደለም፤ ያ ንብረት ሊሄድበት ሲል በሚያደርገው ነው። ደብተር ያውጡና ገቢዎትን ሁሉ በመስመር በመስመር ይጻፉ፦ ሱቁ፣ ማሳው፣ ወንድሜ፣ እቁቡ። በየአንዳንዱ ፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ይህ እንዳይቀርብኝ ስል የትኛውን የእግዚአብሔር ቃል ተላልፌአለሁ? ምን ዋሽቻለሁ፣ የትኛውን ጸሎት ዘልያለሁ፣ ማንን በድያለሁ? በዕድሩ ፊት ባዶ ይሆናል። በኪኒኑም ፊት ባዶ ነው። በእቁቡም ፊት ምናልባት ባዶ ነው። በሱቁ ፊት ግን 50 ግራም አለ። በእርስዎ ቤት መታመን የተሰበረው እዚያ ላይ ነው። እግዚአብሔር በእውነተኛ ኪሎ ሊያኖረኝ አይችልም ብለው በተግባር የተናገሩት በዚያች ሚዛን ነው። ይህን የምንለው ልናዋርድዎት አይደለም፤ ብቻዋን ሁለት ልጅ የምታሳድግ እናት አራት ወር በፍርሃት ውስጥ ስታድር እጇ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። መድኃኒቱ ካልተነገረዎት ግን እቁቡን ትተው፣ ዕድሩን ትተው፣ ኪኒኑን ትተው፣ ሚዛኑን ይዘው ይቀራሉ። ያ ከሁሉም የከፋ ነው።

«ሁሉም እንደዚያ ነው» ላሉት፣ ዘዳግም 25 በከረጢትህ ታላቅና ታናሽ ሁለት ዓይነት መመዘኛ አይኑርህ ሲል የተናገረው ሁለት ሁለት የሚይዝ ነጋዴ በነበረበት ዘመን ነው። ሁሉም አንድ ብቻ ይዞ ቢሆን ኖሮ ትእዛዙ ባላስፈለገ።

ሚዛኑን እንዲህ ያስተካክሉት። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ባዶ ሰሃኑን አስቀምጠው መርፌው ልክ ዜሮ ላይ መቆሙን ይዩ። ከዜሮ አልፎ ከቆመ ማስተካከያውን አዙረው ይመልሱት። ከዚያ ባዶ የሆነ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ይመዝኑና ክብደቱን ይጻፉ። ልክ አንድ ሊትር ውኃ ሞልተው እንደገና ይመዝኑ፤ ልዩነቱ አንድ ኪሎ መሆን አለበት። ያልተከፈተ ባለ አንድ ኪሎ ስኳር ወይም ጨውም ለማመሳከሪያ ይረዳል፤ ላስቲኩ ጥቂት ግራም እንደሚጨምር ያስቡ። በአንድ ኪሎም በአምስት ኪሎም ይሞክሩት፤ የደከመ ሞላ በትንሹ ትክክል ሆኖ በትልቁ ይሳሳታል። ካልተስተካከለ ይቀይሩት፤ እቁቡ ሲደርስዎ መጀመሪያ የሚገዙት እሱ ይሁን።

ቀጥሎ የሄደውን ይመልሱ። በቀን ስንት ኪሎ እንደሚሸጡ እርስዎ ያውቃሉ፤ ለምሳሌ ስምንት ኪሎ እንበል። ስምንት ጊዜ 50 ግራም፣ በቀን 400 ግራም። በወር 26 የገበያ ቀን ቢሆን 10.4 ኪሎ፤ በአራት ወር 41.6 ኪሎ። ዘሌዋውያን 6 የወሰደ ሰው ዋናውን ከነአምስተኛው ጨምሮ ይመልስ ይላል፤ ያ ወደ 50 ኪሎ ያመጣዋል። ያንን በአንድ ቀን አይችሉትም፣ አይሞክሩትም። ደንበኞችዎ በአብዛኛው የሚታወቁ ከሆኑ በየኪሎው 100 ግራም እየመረቁ ቢሰጡ በቀን 800 ግራም ይሆናል፤ በሁለት ወር ተኩል ገደማ 50 ኪሎው ይሞላል። ለማን እንደጎደለ የማያውቁትን ደግሞ ዘኍልቍ 5 የሚቀበለው ሰው ባልተገኘ ጊዜ ወደ ካህኑ ነው የሚመራው፤ ነፍስ አባትዎ ዘንድ ቀርበው ንስሓውን ሲቀበሉ ይህን ሒሳብ ይዘው ይሂዱ፤ ለነዳያን እንዴት እንደሚሰጥ እሳቸው ይነግሩዎታል። ዘኬዎስ አራት እጥፍ ነው ያለው፤ እርስዎን ግን የልጆችዎን ምሳ ከልክለው ዘኬዎስ ይሁኑ የሚል የለም።

ገቢው ይቀንሳል። አዎ፣ ይቀንሳል፤ እዚህ ላይ ነው መታመን ሥራ የሚሆነው። የሚያጎድሉት 50 ግራም ከኪሎው አምስት በመቶ ነው። ያ የግድ ካስፈለገዎት ዋጋዎን በዚያው ልክ በግልጽ ከፍ አድርገው ይጥሩ፤ ደንበኛው አውቆ ይግዛ ወይም ይሂድ። ሌላም መንገድ አለ፦ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና የተበሳውን ፍሬ ማታ ማታ ከልጆችዎ ጋር እየለቀሙ የተለቀመውን ለብቻ በተሻለ ዋጋ ይሽጡ። ለሠርግና ለማኅበር የሚገዛ ሰው ለዚያ ይከፍላል።

ማሳውም ከዮሴፍ ይማር። ቡና አንድ ዓመት እጅግ ካፈራ በሚቀጥለው ይደክማል፤ ዛፉ ጉልበቱን ለፍሬው ጨርሶ አዲስ ቅርንጫፍ ስለማያወጣ ነው። በደጉ ዓመት ከምርቱ አንድ አምስተኛውን ለደካማው ዓመት ያስቀምጡ፤ ብር ሆኖ ሳይሆን ጀንፈል (ከነልባሱ የደረቀ ቡና) ሆኖ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፣ ሲያስፈልግ በትንሽ በትንሹ ይሸጣል። በማድረቂያ አልጋ ላይ በሚገባ ይድረቅ፤ ጆሮዎ አጠገብ ሲያወዛውዙት ፍሬው ከልባሱ ውስጥ ይንኳኳ። እርጥብ የተከማቸ ጀንፈል ይሻግታል። ጆንያው መሬትም ግድግዳም አይንካ፤ ከሥሩ እንጨት ይደርደርለት። ብዙ ቤት የሚጎዳው መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ወጪ ሲመጣ ነው። ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ፣ ገንዘብ የቸገረው ሰው ፍሬው ገና ዛፍ ላይ እያለ በርካሽ ለሰብሳቢ ይሸጠዋል። የመስከረምን ወጪ ካለፈው ታኅሣሥ ገንዘብ ቀንሰው ቢያስቀምጡ ከዚያ ይድናሉ።

ጎረቤትዎ ወደምትለው አዋቂ በር ግን አይድረሱ። ስለ እቁቡም ስለ ኪኒኑም በጥንቃቄ እንዲይዙት ነው የመከርንዎት፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄም የለም፣ ጭራሽ አይሆንም። እቁብ መሣሪያ ነው፤ ይህ ግን በእግዚአብሔር ቦታ የሚቀመጥ ነው፣ ዘዳግም 18ም በስሙ እየጠራ ይከለክለዋል። አካሄዱንም ይወቁት። መጀመሪያ የሚጠየቀው ትንሽ ነው፤ ዕጣን፣ ሽቶ፣ መልኩ የተመረጠ ዶሮ። ከዚያ ካልሠራ «ከባድ ነው» ተብሎ ዋጋው ያድጋል። ቀጥሎ ያሰረብሽ እከሊት ናት ይባላል፤ እከሊት ሁልጊዜ የቅርብ ሰው ናት፣ የባል ቤተሰብ ወይም የዕድር ባልንጀራ። ገንዘቡ አይመጣም፣ ጠቡ ግን ይቀራል። ከዚህ በፊት ክታብ ተቀብለው ከሆነ በግልዎ ከማቃጠል ወይም ከመደበቅ ይልቅ ለነፍስ አባትዎ ወስደው ይስጡ።

የሌሊቱን ነገር አልረሳነውም። ስልኩን ከመኝታ ክፍል አውጥተው ልጆቹ ክፍል ይሙሉት። ከመተኛትዎ በፊት ከየዕለቱ የዳዊት ድርሻ አንድ መዝሙር ብቻ ይድገሙ፤ ሁሉንም ካልጨረስኩ ብለው አይጨነቁ። ቁጥሩ እንደ ግእዙ ዳዊት ነው። ሰኞ መዝሙር 19ን፤ በሠረገላና በፈረስ የሚመኩት እንዴት እንደሚወድቁ ይናገራል። ማክሰኞ 48ን፤ ባለጠጋ ሲሞት ምንም ይዞ እንደማይሄድ። ረቡዕ 61ን፤ ሀብት ቢበዛ ልባችሁን አታኑሩበት የሚለውን። ሐሙስ 90ን። ዓርብ 126ን፤ እግዚአብሔር ከተማን ካልጠበቀ ጠባቂ በከንቱ እንደሚተጋና ለሚወዳቸው እንቅልፍን እንደሚሰጥ፣ ለእርስዎ የተጻፈ ይመስላል። ቅዳሜ 145ን፤ ማዳን በማይችል በሰው ልጅ አትታመኑ ይላል። እሑድ ቅዳሴ አለ። ቢነቁ ብሩን አይቁጠሩ፤ ያነበቡትን አንድ ቁጥር ደጋግመው ይበሉ። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላም እንቅልፍ እምቢ ካለ ለጤና ባለሙያው ይንገሩ፤ ያም እንደ ግፊቱ ይታከማል።

ወንድምዎ ቀረን። ማኅበሩ እግዚአብሔር ያንን ክንድ አነሳብሽ ሲልዎት አንድ ሰው በመሃል ጠፍቷል። አራት ወር ስልክ የማያነሳ ሰው ታሞ ይሆናል፣ ታስሮ ይሆናል፣ ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ተቃጥሎበት ተደብቆ ይሆናል፣ ሥራ አጥቶ ይሆናል። ሰውን እንደ ገንዘብ ምንጭ ስናየው ሲቀር የምንጠይቀው ስለ ገንዘቡ ነው፤ እግዚአብሔር የቤቱ አኗኗሪ መሆኑን ስናምን ግን ወንድም ተመልሶ ወንድም ይሆናል። ስለዚህ አብረውት የሚኖሩትን፣ ከዚያው የመጡ የጅማ ልጆችን በየቤተሰባቸው በኩል ያፈላልጉ። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ሙሉ ስምና ቁጥሩን ካገኙ ጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ዘንድ ማስጠየቅ ይቻላል። በጸሎትዎም ስሙን ይጥሩ፤ የሚላከውን ብር ሳይሆን እሱን።

ዛሬ ማታም አንድ መልእክት ይላኩለት። ስለ ብር ምንም አይጻፉበት። ደህና መሆንህን ብቻ አሳውቀን፣ ከፈለግህም ና፣ ቤቱ ቤትህ ነው ይበሉት፤ ባዶ እጁን መመለስን የሚፈራ ሰው ስልክ የማያነሳው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።